የኢማክስ ስክሪፕት፦ ፍለጋው አያልቅም፣ ከርሰሩም ከቦታው ይጠፋል

መስመር_ቆጣሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ኢማክስ የሚባለውን ኤዲተር ለጽሑፍ መጠቀም ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ ስክሪፕት የሚጻፍበትን ቋንቋውን ሊስፕን ግን ገና እየለመድኩ ነው። ሁለት ትንንሽ ስክሪፕቶች አስቸግረውኛል፤ እስቲ ተመልከቱልኝ።

ረጅም የማስታወሻ ፋይል አለኝ። መሠራት ያለበት ነገር ሁሉ «ሥራ፦» ብሎ በሚጀምር መስመር ተጽፏል። የፈለግኩት ከእያንዳንዱ ፊት 1. 2. 3. እያለ ቁጥር እንዲያስገባልኝ ነው። ኮዱን እንደሚነበበው በፊደላችን አስቀምጫለሁ፤ የምትሞክሩት ወደ ላቲን መልሱት።

```
(ጎቱ-ቻር (ፖይንት-ሚን))
(ሌት ((ቁጥር 1))
  (ዋይል (ሰርች-ፎርዋርድ "ሥራ፦")
    (ጎቱ-ቻር (ማች-ቢጊኒንግ 0))
    (ኢንሰርት (ነምበር-ቱ-ስትሪንግ ቁጥር) ". ")
    (ሴትኪው ቁጥር (1+ ቁጥር))))
```

ሳስኬደው የመጀመሪያው «ሥራ፦» ፊት ላይ 1. 2. 3. 4. 5. እያለ ይከምራል። ወደ ሌሎቹ መስመሮች ዝር አይልም። በኮንትሮል ጂ ካላቆምኩት አያባራም።

ሁለተኛው ከየመስመሩ መጀመሪያ ላይ ክፍት ቦታ የሚያጠፋ ነው።

```
(ዋይል (ሪ-ሰርች-ፎርዋርድ "^ *" ኒል ቲ)
  (ሪፕሌስ-ማች ""))
```

ይሄኛውማ ጭራሽ ስታክ ያደርጋል። ኤረር የለም፣ መልእክት የለም። ፍለጋ ማለት «ቀጣዩን አምጣ» ማለት አይደለም እንዴ? ለምንድን ነው አንድ ቦታ ላይ የሚሽከረከረው?

---

ክብ_ቅንፍ

ሰላም ወንድሜ። የሁለቱም ችግር ምንጩ አንድ ነው።

ፍለጋ «ቀጣዩ» የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው ከርሰሩ አሁን የቆመበትን ቦታ ብቻ ነው። ከዚያ ተነስቶ ወደፊት ያያል፣ ካገኘው ነገር ጫፍ ላይ ከርሰሩን ያቆማል፣ በቃ። ባለፈው ዙር ምን እንዳገኘ ዞር ብሎ አያይም። ስለዚህ በስክሪፕት ውስጥ ፍለጋን እንደ ጉዞ ነው ማየት ያለብህ። ከእያንዳንዱ ትእዛዝ በኋላ «አሁን የት ነኝ?» ብለህ ጠይቅ። ይሄን ጥያቄ የለመደ ሰው ግማሹን ችግር ኮዱን ሳያስኬድ ያየዋል።

«የት» ስል በትክክል ምን ማለቴ እንደሆነ ላስረዳ። ኢማክስ ፖይንት የሚለው ቦታ ፊደል ላይ አይደለም፤ በሁለት ፊደሎች መካከል ያለው ክፍተት ነው። ስክሪኑ ላይ ከርሰሩ አንድ ፊደል ላይ የተቀመጠ ይመስላል፤ እውነተኛው ቦታ ግን ከዚያ ፊደል ቀድሞ ያለው ክፍተት ነው። ቆጠራው ከ1 ይጀምራል፤ 1 ማለት ከመጀመሪያው ፊደል በፊት ማለት ነው። ነገሩ ጥንታዊ ነው። ኢማክስ በ1976 ኤምአይቲ ውስጥ ሲወለድ ቴኮ በሚባል ኤዲተር የተጻፉ ማክሮዎች ስብስብ ነበር፤ የቴኮም ጠቋሚ የሚቆመው በፊደሎች መካከል ነው።

አሁን የመጀመሪያውን ኮድህን በቁጥር እንከተለው። «ሥራ፦» 41 ላይ ጀመረ እንበል። ሦስት ፊደል ስለሆነ ፍለጋው ሲያገኘው ከርሰሩ 44 ላይ ያርፋል። አንተ ወደ ማች-ቢጊኒንግ መለስከው፤ 41 ላይ ነህ። ከዚያ «1. » አስገባህ። ነጥቡና ክፍት ቦታው ሲቆጠሩ ይሄም ሦስት ፊደል ነው። ኢንሰርት ከርሰሩን ካስገባው ጽሑፍ ኋላ ስለሚተወው እንደገና 44 ላይ ነህ። «ሥራ፦»ም ሦስት ፊደል ተገፍቶ አሁን የሚጀምረው 44 ላይ ነው። ከርሰርህ ልክ ፊቱ ቆሟል ማለት ነው። ቀጣዩ ዙር ከ44 ሲነሳ ያንኑ ያገኛል፣ «2. » ያስገባል፣ እንደገና ፊቱ ይቆማል። ማለቂያ የለውም።

ሁለተኛው ደግሞ እንዲህ ነው። ኮከቧ «ምንም ባይኖርም ይሁን፣ ብዙም ቢኖር ይሁን» ነው የምትለው። ክፍት ቦታ የሌለው መስመር ጋ ሲደርስ ፍለጋው ባዶ ነገር አግኝቶ «ተሳክቶልኛል» ይላል። ባዶ ነገር ርዝመት የለውም። ስለዚህ ጀምሮ የጨረሰበት ቦታ አንድ ነው፤ ከርሰሩ ንቅንቅ አላለም። በሚቀጥለው ዙር ያንኑ ባዶ ያገኛል። ስክሪኑ ላይ ምንም ስለማይለወጥ ደግሞ ቀጥ ያለ ይመስልሃል።

ለሁለተኛው መድኃኒቱ በኮከቧ ፋንታ የመደመር ምልክት ነው፤ "^ +"። ቢያንስ አንድ ክፍት ቦታ ካላገኘ አይቆምም። ባዶ ማግኘት የግድ የሚሆንበት ጊዜም አለ፤ ለምሳሌ "^" ብለህ በየመስመሩ መጀመሪያ ምልክት ልታስገባ ትችላለህ። ያኔ በሉፑ (በሚደጋገመው ዙር) መጨረሻ ላይ በፎርዋርድ-ላይን ወይም በፎርዋርድ-ቻር ራስህ ከርሰሩን ግፋው፣ ፋይሉ ማለቁንም በኢኦቢፒ ጠይቅ።

---

ነጠላ_ሰረዝ

ቅንፍ በደንብ አስረድቶታል። እኔ የመጀመሪያው ኮድ ላይ አንድ ልጨምር፤ ብዙ ሰው ይሄን ሲያስተካክል ሌላ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል።

መጀመሪያ የሚመጣልህ መፍትሔ «ያገኘሁበትን ቦታ በቁጥር ልያዝ፣ ጽሑፉን ላስገባ፣ ከዚያ ወደያዝኩት ቁጥር ልመለስ» የሚል ነው። የቅንፍን ቁጥሮች ውሰድ። ፍለጋው ሲጨርስ 44ን ያዝክ። 41 ላይ ሦስት ፊደል አስገባህ። ወደ 44 ተመለስክ። 44 ግን አሁን የ«ሥራ፦» መጀመሪያ ነው! ዞረህ ዞረህ እዚያው። ቁጥሩ አልተለወጠም፤ ጽሑፉ ነው ከሥሩ የተንሸራተተው።

ለዚህ ነው ማርከር የተፈጠረው። ማርከር ከጽሑፉ ጋር አብሮ የሚንቀሳቀስ ቦታ ነው። 44 ላይ ማርከር ተክለህ 41 ላይ ሦስት ፊደል ብታስገባ ማርከሩ በራሱ 47 ይሆናል። ሴቭ-ኤክስከርዥንም ውስጥ ለውስጥ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። የማስገባቱን ሥራ በሴቭ-ኤክስከርዥን ብትከብበው ከርሰሩ ወደ ትክክለኛው ቦታ፣ ከ«ሥራ፦» በኋላ፣ ይመለሳል።

እኔ የምከተለው ደንብ ይሄ ነው፦ ጽሑፉ በመካከል የሚለወጥ ከሆነ ማርከር፣ የማይለወጥ ከሆነ ቁጥር። ቁጥር ቀላል ነው፣ ምንም አይከብድም። ማርከር ግን ኢማክስ ጽሑፉ በተነካ ቁጥር አብሮ ያንቀሳቅሰዋል። በሺዎች የሚቆጠሩ ማርከሮችን ተክለህ ብትተዋቸው ሥራው ይጎተታል። ጨርሰህ የማትፈልገውን በሴት-ማርከር ወደ ኒል (የሊስፕ «ምንም» ወይም «ሐሰት») ላከው።

---

አቋራጭ

ስክሪፕቱ ለምን አስፈለገ? ይሄ በአንድ ትእዛዝ ያልቃል። ሪፕሌስ-ሬጌክስፕን ጥራ፣ የሚፈለገው ላይ ^ሥራ፦ ጻፍ፣ የሚተካው ላይ ይሄን፦

```
\,(1+ \#). \&
```

\# እስካሁን የተተኩትን ይቆጥራል፤ ከ0 ስለሚነሳ ነው 1 የጨመርኩበት። \& የተገኘው ጽሑፍ ራሱ ነው። \, ደግሞ የሚከተለውን እንደ ሊስፕ አስላው ማለት ነው። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

---

መስመር_ቆጣሪ

@አቋራጭ ይሄን አላውቅም ነበር፣ በጣም ጠቃሚ ነው፤ አመሰግናለሁ። እኔ ግን ፋይሉ በተቀመጠ ቁጥር በራሱ እንዲሠራ ስለምፈልግ ስክሪፕት ሳያስፈልገኝ አይቀርም።

ቅንፍ፣ ነጠላ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በሴቭ-ኤክስከርዥን ከበብኩት፤ ቁጥሮቹ ልክ ሆኑ። አሁን ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ ሁሉንም ቆጥሮ ሲጨርስ «ሰርች ፌይልድ» የሚል ኤረር ይመጣል፤ ከሉፑ በኋላ ያስቀመጥኩት መልእክትም አይታይም። ሁለተኛ፣ ስክሪፕቱ ሲያበቃ ከርሰሩ መጨረሻው «ሥራ፦» ጋ ቆሞ አገኘዋለሁ። እየጻፍኩ ፋይሉን ሳስቀምጥ ወደ ታች ተወርውሮ ከሐሳቤ ያናጥበኛል።

---

ክብ_ቅንፍ

ኤረሩ የመጣው ሰርች-ፎርዋርድን በአንድ አርጉመንት (ለትእዛዙ በሚሰጥ ግብዓት) ብቻ ስለጠራኸው ነው። ካላገኘ ኤረር መወርወር ልማዱ ነው፤ ኤረሩም ሉፑን ብቻ ሳይሆን ከሱ በኋላ ያለውን ሁሉ ያቋርጣል። ሦስተኛው አርጉመንት ይሄን ይወስናል። ሦስት ዓይነት ጠባይ አለው፤ ሦስቱንም ማወቁ ይጠቅማል።

ኒል ከሆነ ወይም ከተተወ ኤረር ይወረውራል። ቲ («እውነት») ከሆነ ዝም ብሎ ኒል ይመልሳል፣ ከርሰሩም ካለበት አይነቃነቅም። ከሁለቱ ውጭ የሆነ ማንኛውም ነገር ከሆነ ደግሞ ኒል ይመልሳል፣ ከርሰሩን ግን እስከ ፍለጋው ገደብ ድረስ ይወስደዋል፤ ብዙ ጊዜ ሰው እዚህ ላይ 'ሙቭ ብሎ ይጽፋል። ይሄ ሦስተኛው የተረሳ ነው፤ እኔ ግን ደጋግሜ እጠቀምበታለሁ። ከአንድ ርዕስ እስከሚቀጥለው ርዕስ ያለውን ክፍል መቁረጥ ፈለግህ እንበል። የመጨረሻው ክፍል ከኋላው ርዕስ የለውም። በ'ሙቭ ከፈለግህ ርዕስ ቢጠፋ እንኳ ከርሰሩ ፋይሉ መጨረሻ ላይ ያርፍልሃል፤ ለመጨረሻው ክፍል የተለየ ኮድ አትጽፍም።

ለአንተ ጉዳይ ቲ ይበቃል። ከርሰሩ እንዳይወረወር ደግሞ ጠቅላላ ሥራውን በውጭ በኩል በሴቭ-ኤክስከርዥን ክበበው። ውስጠኛውን ልታስቀረው ትችላለህ፤ ሪፕሌስ-ማች ሲተካ ከርሰሩን ከተተካው ጽሑፍ በኋላ ስለሚያቆመው ያንኑ ደግሞ አያገኝም።

```
(ሴቭ-ኤክስከርዥን
  (ጎቱ-ቻር (ፖይንት-ሚን))
  (ሌት ((ቁጥር 1))
    (ዋይል (ሪ-ሰርች-ፎርዋርድ "^ሥራ፦" ኒል ቲ)
      (ሪፕሌስ-ማች
        (ኮንካት (ነምበር-ቱ-ስትሪንግ ቁጥር) ". ሥራ፦") ቲ ቲ)
      (ሴትኪው ቁጥር (1+ ቁጥር)))))
```

መነሻ ላይ ያለችውን ^ ልብ በላት። «ሥራ፦» መስመሩ መጀመሪያ ላይ ካልሆነ አይቆጠርም። ፋይሉ በተቀመጠ ቁጥር የምታስኬደው ከሆነ ይሄ ወሳኝ ነው፤ ቁጥር የተሰጠው መስመር በ«1.» ስለሚጀምር ድጋሚ አይነካም። አዲስ የተጨመሩት ብቻ ይቆጠራሉ። እነሱም ከ1 እንዳይጀምሩ መጀመሪያ የቆዩትን ቁጥሮች አጥፍተህ እንደገና ብትቆጥር ይሻላል፤ ያን ደግሞ "^[0-9]+\\. " ብለህ በሌላ ሉፕ ትሠራዋለህ።

ሁለቱ ቲዎች ለሪፕሌስ-ማች ናቸው። የመጀመሪያው የላቲን ትልቅና ትንሽ ፊደል አትነካካብኝ ይላል፤ በእኛ ፊደል ለውጥ የለውም። ሁለተኛው የምተካው ጽሑፍ ውስጥ ያለችውን \ እንደ ልዩ ምልክት አትያት ይላል። ሁለተኛውን ሁልጊዜ አስገባው። የምትተካው ነገር ከፋይል የመጣ ከሆነ ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም።

---

ድርብ_ኮሎን

የቪም፣ የሌላው ኤዲተር፣ ሰው ነኝ፤ ክሩ ጥሩ ስለሆነ የኛን ወገን ላክልበት። ጥያቄው ያው ነው፤ «አሁን የት ነኝ?» መልሱ ግን ይለያያል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነው።

በቪም ስክሪፕት ሰርች የሚባለው ፈንክሽን ከርሰሩን የሚያቆመው ባገኘው ነገር መጀመሪያ ላይ ነው እንጂ መጨረሻው ላይ አይደለም። የሚመልሰው የመስመር ቁጥር ነው፤ ካጣ 0። ደግሞም ፋይሉ መጨረሻ ሲደርስ በነባሪው ወደ መጀመሪያው ይዞራል። ስለዚህ «እስካገኘህ ድረስ ቀጥል» ያልከው ሉፕ፣ የተገኘውን ነገር ካላጠፋኸው በቀር፣ ዕድሜ ልኩን ይዞራል። መዞሩን የሚከለክለው ትልቁ ደብልዩ (W) የሚባለው ባንዲራ፣ ማለትም ለፈንክሽኑ የሚሰጥ የአማራጭ ምልክት፣ ነው።

ሌላም አለ። ሰርች ከርሰሩ የቆመበትን ቦታ ዘሎ ነው የሚፈልገው። የምትፈልገው ነገር የፋይሉ የመጀመሪያ ፊደል ላይ ካለና ከርሰሩም እዚያው ከሆነ ያልፈዋል። ሲ የምትባለው ባንዲራ ከርሰሩ ሥር ያለውንም ተቀበል ትለዋለች። እሷን ግን በየዙሩ ከሰጠኸው ያንኑ ደጋግሞ ያገኛል። እኔ የመጀመሪያውን ዙር ከሲ ጋር፣ የቀሩትን ያለ ሲ አስኬዳለሁ።

በእኛ ፊደል ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ከሁሉ የከፋው የዓምድ ቁጥር ነው። በቪም ኮል የሚባለው ፈንክሽን የሚቆጥረው ባይት ነው። ዩቲኤፍ-8 ላይ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። አራተኛው ፊደል ላይ ቆመህ ብትጠይቀው 10 ይልሃል። ያን ቁጥር ይዞ «ስድስት ፊደል ልጨምርበት» የሚል ስክሪፕት ከርሰሩን ሁለት ፊደል ብቻ ነው የሚያራምደው። በአዳዲሶቹ ቪሞች ቻርኮል እና ሴትከርሰርቻርፖስ አሉ፤ በፊደል ነው የሚቆጥሩት። እነሱን ያዙ። የእይታውን ቦታ ለማስቀመጥና ለመመለስ ዊንሴቭቪው እና ዊንሬስቶርቪው አሉ፤ ከርሰሩን ብቻ ሳይሆን ስክሪኑ የተሸበለለበትንም ይይዛሉ።

---

ነጠላ_ሰረዝ

ድርብ_ኮሎን፣ የባይቷ ነገር እውነት ነው፤ ኢማክስ በፊደል ስለሚቆጥር ከዚህ ተርፈናል። ከሌላው የፊደል ጣጣ ግን አልተረፍንም።

መስመር_ቆጣሪ፣ ፋይልህ ውስጥ ሁሌ «ሥራ፦» ብለህ ነው የጻፍከው? አንዳንዴ «ስራ፦»ስ? ባለ ሁለት ነጥቡና ሰረዙስ አንዴ ፦ አንዴ ፡- አንዴም :- አልሆነም? ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለፍለጋ ግን ፍጹም የተለያዩ ናቸው። ስክሪፕቱ ኤረር ሳያሳይ የተወሰኑትን ዘልሎ ያልፋል፣ አንተም ሳምንት ቆይተህ ነው የምታየው። ኢማክስ ላይ እንዲህ አድርገው፦

```
"^[ሥስ]ራ\\(?:፦\\|፡-\\|:-\\)"
```

\ ሁለት ሁለት የሆነችው በሊስፕ ስትሪንግ ውስጥ ስለሆነች ነው። ስትተካ ደግሞ «ሥራ፦»ን በእጅህ አትጻፍ፤ (ማች-ስትሪንግ 0) የተገኘውን እንዳለ ይመልስልሃል፣ ሰውየው የጻፈው አጻጻፍ አይነካም። አጻጻፉን አንድ ማድረግ ከፈለግህ ግን እግረ መንገድህን እዚያው ልትሠራው ትችላለህ።

ረጅም ጽሑፍ ውስጥ ለምትፈልጉ፣ ከኢማክስ 27 ወዲህ ቻር-ፎልድ-ኢንክሉድ የሚባል ማስተካከያ አለ። «ስ ስል ሥንም ቁጠርልኝ፣ ጸ ስል ፀንም፣ ሀ ስል ሐንና ኀንም» ብላችሁ ትመዘግባላችሁ። ከዚያ ቻር-ፎልድ-ቱ-ሬጌክስፕ አንድ ቃል ስትሰጡት ሁሉንም አጻጻፎች የሚይዝ ሬጌክስ (የፍለጋ ንድፍ) ሠርቶ ይሰጣችኋል፤ እሱን ለሪ-ሰርች-ፎርዋርድ ማቀበል ነው። በእጅ ቅንፍ ከመደርደር ያድናል።

አንድ ሌላ ትንሽ ነገር። ፎርዋርድ-ሴንተንስ በነባሪው ። ላይ አይቆምም፤ አያውቃትም። ሴንተንስ-ኤንድ-ዊዝአውት-ስፔስ የሚባለው ስትሪንግ ውስጥ ።ን እና ፧ን ጨምሩ፤ ከዚያ በዓረፍተ ነገር መዝለሉም መቁረጡም ይሠራል። ይሄን ሳያውቁ «ኢማክስ ለአማርኛ አይሆንም» የሚሉ ሰዎች ያሳዝኑኛል። አንድ መስመር ኮድ ነው።

---

መስመር_ቆጣሪ

እውነትም ሦስቱም አጻጻፍ አለ! ሬጌክሱን ስቀይር ያልተቆጠሩ መስመሮች ብቅ ብቅ አሉ።

የመጨረሻ ጥያቄ። አሁን በመረጥኩት ክፍል ውስጥ ብቻ እንዲቆጥር ፈልጌ የክፍሉን መጨረሻ በሁለተኛው አርጉመንት ሰጠሁት። ሁለት ነገር አየሁ። የክፍሉ የመጨረሻ መስመሮች ሳይቆጠሩ ይቀራሉ። ፎርዋርድ-ላይን ስጨምርበት ደግሞ አንዳንዴ «ኢንቫሊድ ሰርች ባውንድ» ይለኛል፤ ቲ ሰጥቼው እያለ።

---

ክብ_ቅንፍ

የመጀመሪያው ነጠላ የነገረችህ ነው። የክፍሉ መጨረሻ 900 ነበር እንበል። በየመስመሩ ሦስት ፊደል ስታስገባ እውነተኛው መጨረሻ ወደ 903፣ 906፣ 909 ይሸሻል። አንተ ግን 900 ላይ ነው «አቁም» ያልከው። መጨረሻውን ገና ሳትጀምር በኮፒ-ማርከር ያዘውና ማርከሩን ለፍለጋው ስጠው፤ አብሮ ይሸሻል።

ሁለተኛው ደግሞ ቲ የማያድንህ ኤረር ነው። ቲ የሚመለከተው ፈልጎ ማጣትን ነው። ከርሰሩ ገደቡን አልፎ ከሄደ በኋላ ግን «ወደፊት ፈልግ፣ ገደብህ ከኋላህ ነው» እያልከው ነው፤ ይሄ ጥያቄው ራሱ ስህተት ስለሆነ ሁልጊዜ ኤረር ነው። መጨረሻው መስመር ላይ አግኝተህ ፎርዋርድ-ላይን ስትል ከገደቡ ወጣህ። በሉፑ ሁኔታ ላይ በሊስፑ and («እና») (< (ፖይንት) መጨረሻ) ብለህ ከፍለጋው አስቀድም።

ወይም ሁለቱንም ትተህ ናሮው-ቱ-ሪጅን ተጠቀም፣ በሴቭ-ሪስትሪክሽን ከብበህ። ያኔ ለኮድህ ዓለም ያ ክፍል ብቻ ነው። ፖይንት-ሚን የክፍሉ መጀመሪያ፣ ፖይንት-ማክስ የክፍሉ መጨረሻ ይሆናል። ጽሑፉ ሲጨምር መጨረሻው አብሮ ይሰፋል። ገደብ ማለፍ የሚባል ነገርም የለም። እኔ ይሄን እመርጣለሁ።

---

ነጠላ_ሰረዝ

እኔ ማርከሩን እመርጣለሁ፤ ቅንፍ አይቀየመኝ። ምክንያቴ ይሄ ነው፦ ናሮው ስታደርግ የምትጠራቸው ሌሎች ፈንክሽኖችም ከክፍሉ ውጭ ያለውን አያዩም። አንዱ ፈንክሽን የፋይሉን የመጀመሪያ መስመር ማየት ቢኖርበት የክፍሉን የመጀመሪያ መስመር ያያል፤ ዝም ብሎ የተሳሳተ መልስ ይሰጣል። ሌላ ነገር ለማይጠራ አጭር ሉፕ ግን የቅንፍ መንገድ ይቀላል።

ሌላ ፈንክሽን መጥራት ከተነሳ አይቀር፣ ማች-ዳታም እንዲሁ ያስቸግራል። ማች-ቢጊኒንግ፣ ማች-ስትሪንግና ሪፕሌስ-ማች የሚያዩት የመጨረሻውን ፍለጋ ውጤት ነው፤ ማንም ይፈልገው ማን። ፈልገህ አገኘህ፣ በመካከል አንድ ፈንክሽን ጠራህ፣ እሱ ውስጡ ሉኪንግ-አት ወይም ስትሪንግ-ማች ተጠቀመ፤ አለቀ፣ የአንተ ውጤት ተደምስሷል። ሪፕሌስ-ማች የማታውቀውን ቦታ ይተካል። ሴቭ-ኤክስከርዥን ከዚህ አይጠብቅህም። የምትፈልገውን ወዲያው በሌት ያዘው። መጠየቅ ብቻ ከሆነ ሉኪንግ-አት-ፒ እና ስትሪንግ-ማች-ፒ አሉ፤ እነሱ ማች-ዳታን አይነኩም።

---

ባዶ_ገጽ

ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። እኔ ወደኋላ ፍለጋ ላይ ነው የተቸገርኩት። ከርሰሩ ከ«2016» በኋላ ቆሞ ሪ-ሰርች-ባክዋርድን በ"[0-9]+" ስጠራው 6ን ብቻ ያገኛል። የመደመር ምልክቷ ሁሉንም ጠራርጋ መውሰድ አልነበረባትም?

ሌላው፣ ሁለት መስኮት ከፍቼ ከአንዱ ሆኜ የሌላውን በፈር (የተከፈተ ጽሑፍ) ከርሰር በጎቱ-ቻር ለማንቀሳቀስ እሞክራለሁ። ኮዱ ይሠራል፣ ቁጥሩም ትክክል ነው፤ ስክሪኑ ላይ ግን ከርሰሩ አይነቃነቅም።

---

ክብ_ቅንፍ

የወደኋላው ፍለጋ የወደፊቱ መስታወት አይደለም። አንድ አንድ ፊደል ወደኋላ እየረገጠ «ከዚህ ብጀምር ይገጥማል?» ይላል፤ መግጠሙን ራሱ የሚያየው ግን ሁልጊዜ ወደፊት ነው፣ ከተነሳበት ቦታም አያልፍም። አንድ ፊደል ሲረግጥ 6 ላይ ነው፣ 6 ይገጥማል፣ እዚያው ይቆማል። ማን ወደ 2 ይሂድ? ካገኘህ በኋላ ስኪፕ-ቻርስ-ባክዋርድን በ"0-9" ጥራ፤ ከርሰሩ የቁጥሩ መጀመሪያ ላይ ይደርሳል። እንዲያውም ከርሰሩ ከቁጥሩ ጎን መቆሙን እርግጠኛ ከሆንክ ሬጌክሱ ጭራሽ አያስፈልግም፤ ስኪፕ-ቻርስ ብቻውን ይበቃል፣ በጣም ፈጣንም ነው።

መስኮቱን ነጠላ ትመልስልህ፤ እሷ ብዙ ሠርታበታለች።

---

ነጠላ_ሰረዝ

እያንዳንዱ መስኮት የራሱ ፖይንት አለው። አንድ በፈር በሁለት መስኮት ቢከፈት ሁለት ቦታ ማየት የምትችለው ለዚህ ነው። ጎቱ-ቻር የሚያንቀሳቅሰው የበፈሩን ፖይንት ነው። መስኮቱ የተመረጠው ከሆነ ሁለቱ አንድ ስለሆኑ ልዩነቱ አይታይህም። ያልተመረጠ መስኮት ግን የራሱን ይዞ ይቀመጣል። ጌት-በፈር-ዊንዶው መስኮቱን ያመጣልሃል፤ እሱንና ቦታውን ለሴት-ዊንዶው-ፖይንት ስጥ። መስኮቱ ካልተከፈተ ኒል ይመጣል፤ ኒልን ለሴት-ዊንዶው-ፖይንት ከሰጠኸው የተመረጠውን መስኮት ማለት ነው፣ ያንተው ከርሰር ይዘላል። ስለዚህ መጀመሪያ መኖሩን አረጋግጥ።

ለሁላችሁም፣ እንዲህ ያለውን ነገር ለመመርመር መላውን ስክሪፕት ደጋግሞ ማስኬድ አያስፈልግም። ፋይሉ ላይ ቁሙ፣ ሜታና ሁለት ነጥብ ተጫኑ፣ አንዷን ፍለጋ ብቻ ጻፉ፣ ኢንተር። ከርሰሩ ዓይናችሁ እያየ ይሄዳል፣ የመለሰው ቁጥርም ከታች ይታያል። ሉፑ ከተንጠለጠለ ደግሞ ቶግል-ዲበግ-ኦን-ኩዊትን አብሩና በኮንትሮል ጂ አቁሙት፤ የትኛው ትእዛዝ ላይ እንደነበረ ዘርዝሮ ያሳያችኋል። በዝግታ ማየት ከፈለጋችሁ ዲፈኑ (የፈንክሽኑ ፍቺ) ውስጥ ቆማችሁ ኮንትሮል ዩ ከዚያ ኮንትሮል ሜታ ኤክስ፤ ኢዲበግ ይነሳል። ፈንክሽኑን ስትጠሩት ስፔስን በተጫናችሁ ቁጥር አንድ እርምጃ ይሄዳል፤ በየመሃሉ የ«ኢ»ን (e) ቁልፍ ተጭናችሁ (ፖይንት) ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።

---

መስመር_ቆጣሪ

በኢዲበግ አሁን የመጀመሪያውን ኮዴን አስኬድኩት። ከ41 ወደ 44፣ ወደ 41፣ ወደ 44፤ ልክ ቅንፍ እንዳለው። የተስተካከለውን ፋይሉ ከመቀመጡ በፊት በሚሠራው ቢፎር-ሴቭ-ሁክ ላይ ሰቀልኩት፣ ለዚያ በፈር ብቻ እንዲሆን ሎካል አድርጌ። ፋይሉ ሲቀመጥ ቁጥሮቹ ይታደሳሉ፣ ከርሰሩም እጽፍበት ከነበረው ቦታ አይነቃነቅም። ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ።